ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ

በማደሪያ ክፍላችን አንድ ጋቢ አለ። የአንዳችን አያት ፈትለውት የአገራቸው ሸማኔ የሠራው ነው፤ ዕድሜው ከሁላችንም ይበልጣል። ባለፈው መስከረም የገዛነው ሸሚዝ ደግሞ ገና ለገና ሳይደርስ ብብቱ ሥር ተተረተረ። ለመሆኑ ልብስ እንዲህ የሳሳው ከመቼ ወዲህ ነው? ብዙዎቻችን ጣታችንን ወደ ቻይና እንቀስራለን። ነገሩ ግን ከዚያ ይቀድማል።

ጋቢ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ተማሪ ስለማይጠፋ ከዚያው እንነሣ። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ እንዝርት ላይ ይወጣና ልቃቂት እስኪሆን ይፈተላል። ጋቢ አራት እጥፍ ነውና የሚፈጀው ፈትል ቀላል አይደለም። ይህን ሁሉ ሴቶች የሚሠሩት ወጥ ተሠርቶ፣ ውሃ ተቀድቶ፣ ልጅ ተኝቶ በተረፈችው ሰዓት ነው። ለዚያች ሰዓት ማንም ዋጋ አውጥቶላት አያውቅም። ጥሩው ልብስ ርካሽ ይመስል የነበረው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው፤ ያልተከፈለ ድካም በውስጡ ነበረበት። እናቶቻችንን ስናመሰግን ይኸን ባንረሳው ደግ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ አቡጀዲ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ገባ። እ.ኤ.አ. በ1903 ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ያገሩ ነጋዴዎች ዓይናቸውን ከጣሉባቸው ሸቀጦች አንዱ ይኸው ጨርቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር አቡጀዲ መጥፎ ጨርቅ አልነበረም፤ ወፍራምና ቻይ ነበር። የፋብሪካ ክርም ተከተለ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1939 ድሬዳዋ ላይ የጥጥ ፋብሪካ አቆሙ፤ የባሕር ዳሩም እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠራ። ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ማድረግ ያዘ። ምን ይደረግ፣ የፋብሪካው ክር ሲወጠር ቶሎ አይበጠስም። ስብሰባ ላይ ስለ ድርና ስለ አንበሳ የምንተርተው ሰዎች ድሩ ከየት እንደሚመጣ ብንጠይቅ ምን አለበት?

ስለዚህ ፋብሪካ መጣና ልብስ ተበላሸ ማለት አያስኬድም። እኛን የሚቆረቁረን ሌላ ነው። ጨርቁን ስናከብር ሠሪውን እንሰድብ ነበር። ቆዳ የሚሠራው ፋቂ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ ይባል ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልሰማም። ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ የሰፈሩት የዶርዜ ሸማኔዎች ጥበባቸው በየሠርጉ ሲደነቅ ስማቸውን የሚጠይቅ አልነበረም። ስሙ የማይጠየቅ ሰው ዋጋውም አይጠየቅም። ነጋዴው ዋጋ ሲቀንስበት ሸማኔው የሚቀንሰው ማጉን ነው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ልጆቹ መብላት ስላለባቸው ነው። አሁን ደግሞ ጥበብ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከውጭ እየገባ በርካሽ ሲሸጥ፣ እሱ ይበልጥ ያሳሳል።

እኛስ? እኛማ ሳልባጅ ለባሾች ነን። አናፍርበትም፤ ስፌቱን ገልብጠን አይተን፣ ክሩን ስበን ፈትነን ነው የምንገዛ። ሌላ ሰው የጠገበው ኮት ከአዲሱ ሸሚዝ ሲበልጥ ግን ነገሩ ያሳቅቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የእኛው እኅቶች ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ሰፍተዋል፤ ከጥር 2022 ጀምሮ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመግቢያውን በር ዘጋችው። ከሰፉት ውስጥ ሄዶ፣ ተለብሶ፣ በሳልባጅ ቦንዳ ታስሮ ወደኛ የተመለሰ ይኑር አይኑር እንጃ።

ያ ጋቢ ጠርዙ ተበልቶ ነበርና ባለፈው ወር ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ይዘነው ወጣን። አንድ አዛውንት ሸማኔ በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት፤ ወደ ብርሃኑም አነሡት።

«አባባ፣ እንዲህ ያለ ሌላ ይሠሩልናል?» አልናቸው።

«መሥራቱን እሠራዋለሁ ልጆቼ» አሉን፣ «ይኸን የሚፈትል ሰው አምጡልኝ እንጂ።»