አንጎልን ሳይከፍቱ ማየት፦ ከአየር መርፌ እስከ ማይክሮዌቭ



አንድ ሰው ድንገት አፉ ሲጣመም፣ አንድ እጁ ሲዝልበት ወይም ምላሱ ሲተሳሰርበት ሐኪሙ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የአንጎል ደም ሥር ተዘግቷል ወይስ ፈንድቶ ደም እየፈሰሰ ነው? ሁለቱም ስትሮክ ናቸው፤ ከውጭ ሲታዩም ይመሳሰላሉ። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የተዘጋውን ሲከፍት፣ የሚደማውን ደግሞ ያባብሳል፤ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የራስ ቅሉ ውስጥ ያለውን ማየት ግድ ነው። ዛሬ የዚህን “ማየት” ታሪክ እናወጋለን።

ራጅ እ.ኤ.አ. በ1895 ሲገኝ አጥንት ታየ፤ አንጎል ግን አልታየም። በ1918 አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዋልተር ዳንዲ አንጎል ውስጥ ፈሳሽ ወደያዙት ክፍተቶች አየር አስገብቶ ራጅ አነሳ። የክፍተቶቹ ቅርጽ ከተዛባ ዕጢ ሊኖር እንደሚችል ይገመት ነበር። በቀጣዩ ዓመት አየሩን በጀርባ በኩል በመርፌ ማስገባት ተጀመረ። ታካሚዎቹ ግን ከባድ ራስ ምታትና ትውከት ይገጥማቸው ነበር። በ1927 ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ወደ አንገት ደም ሥር በመስጠት የአንጎልን ደም ሥሮች አሳየ። ያም ሆኖ አንጎሉ ራሱ እንደተሸፈነ ቆየ።

ለውጡ የመጣው ጥቅምት 1 ቀን 1971 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ነው። ኢኤምአይ በተባለው የሙዚቃ ሸክላና የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በሠራው ሲቲ ስካን የመጀመሪያዋ ታካሚ ተነሳች። በ1979 ሃውንስፊልድ ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ከዚያ ወዲህ የፈሰሰ ደም ራስ ቅል ሳይከፈት ይታያል።

በ1995 ደግሞ ሰዓቱ ራሱ መድኃኒት ሆነ። በአሜሪካ የወጣ ጥናት የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ የአካል ጉዳትን እንደሚቀንስ አሳየ። በ2008 የአውሮፓ ጥናት ጊዜውን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዘመው። ችግሩ ሲቲ ስካን ከባድ ማሽን መሆኑ ነው፤ ታካሚው ወደ እሱ መሄድ አለበት። በአገራችንም በብዛት የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነው። መንገድ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ከአንጎል ላይ የሚቀነስ ነው።

“ታዛ መሣሪያው ወደ ታካሚው ቢሄድስ?” ያሉ ተመራማሪዎች ማይክሮዌቭን አሰቡ። አይደንግጡ፤ ምግብ የሚያሞቀው ዓይነት ኃይል አይደለም። ሞባይል ስልካችን ከሚጠቀምበት ሞገድ ጋር የሚቀራረብ ደካማ ሞገድ ነው። ደምና የአንጎል ሥጋ ሞገዱን በተለያየ መጠን ስለሚቀይሩት፣ በጭንቅላት ዙሪያ የተደረደሩ አንቴናዎች ልዩነቱን ይለቅማሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካውያኑ ላርሰንና ጃኮቢ በዚህ ዘዴ የውሻ ኩላሊት ምስል አነሱ። በ2014 በስዊድን የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው፣ አንቴና የተገጠመለት ቆብ የሚደማውን ስትሮክ ከተዘጋው ሊለይ እንደሚችል በጥቂት ታካሚዎች ላይ ያገኙትን ተስፋ ሰጪ ውጤት አወጡ።

እንቅፋቱ ቆዳ ላይ ነው። ሞገዱ ከአየር ወጥቶ ቆዳ ሲነካ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኃይሉ ነጥሮ ይመለሳል። ነፍሰ ጡር እናቶች አልትራሳውንድ ሲነሱ ሆዳቸው ላይ የሚቀባውን ጄል ያስታውሱ፤ ያ ጄል ከሌለ ድምፁ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ለማይክሮዌቭም እንደ ውኃና ግሊሰሪን ያለ ፈሳሽ በአንቴናውና በቆዳው መካከል ይደረጋል። ፈሳሽ ግን ይከብዳል፣ ያፈስሳል፣ ሞገዱንም ራሱ ይመጥጣል።

እዚህ ላይ ከሕክምና ውጭ የተወለደ ሐሳብ ደረሰ። የሶቪየቱ ፊዚሲስት ቪክቶር ቬሴላጎ በ1960ዎቹ፣ ተፈጥሮ ውስጥ በማይታይ መንገድ ብርሃንን የሚያጥፍ ቁስ ሊኖር እንደሚችል በስሌት አሳይቶ ነበር። በ2000 ዴቪድ ስሚዝና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ እንዲህ ያለውን ቁስ ለማይክሮዌቭ ሠሩት። ሜታማቴሪያል ይባላል። ባሕርዩ የሚመጣው ከተሠራበት ብረት ብቻ ሳይሆን፣ በላዩ ከተደረደሩት ጥቃቅን ቅርጾች ነው። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎችም በእንዲህ ያለ ስስ ንጣፍ ነጥሮ የሚመለሰውን ሞገድ ለመቀነስና ወደ አንጎል የሚዘልቀውን ለማጠንከር ሠርተዋል። ንጣፉ እንደ ጄሉ ያለ ነገር ነው፤ ልዩነቱ አለመፍሰሱ ነው።

ይህ ገና የምርምር ሥራ ነው፤ ሲቲ ስካንን አልተካም። እስከዚያ ድረስ የሚከተሉትን ያስታውሱ፦

✅ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት፣ ወይም ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ የታየበትን ሰዓት ይያዙ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህን ነው።
✅ ከተቻለ ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል በቀጥታ ይውሰዱት።
❌ አስፕሪን አይስጡት። የሚደማ ከሆነ ይጎዳዋል።
❌ መዋጥ ሊያቅተው ስለሚችል ምግብም ውኃም አይስጡት።
❌ “ተኝቶ ሲነሳ ይሻለዋል” ብለው እስኪነጋ አይጠብቁ።

ከ100 ዓመት በላይ የተለፋው ሐኪሙ በጊዜ እንዲያይ ነው። በጊዜ ማድረሱ ግን የእርስዎ ድርሻ ነው። ለቤተሰብዎና ለጎረቤትዎ ያጋሩ።