የጥንት ተሽከርካሪዎች የጎዳና ትርኢት፦ ታሪካዊ ዳራና የባለንብረቶች ግዴታ

የጥንት ተሽከርካሪዎች ትርኢት ዕድሜ ጠገብ መኪናዎች ተሰልፈው በከተማ አውራ ጎዳና የሚያልፉበት ሕዝባዊ ዝግጅት ነው። ዓለም አቀፉ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን አንድን ተሽከርካሪ በዚህ ምድብ የሚያስገባው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ የቀድሞ ይዘቱን የጠበቀና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣነት የማያገለግል ሲሆን ነው። የመጨረሻው መስፈርት ለአገራችን እምብዛም አይስማማም፤ በኢትዮጵያ የ50 ዓመት መኪና ዛሬም ባለቤቱን ሥራ ቦታ ያደርሳል።

አዲስ አበባ አውቶሞቢል ያየችው በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይዞ በመጣ ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከገቡት ሁሉ በሕዝቡ ዘንድ ይበልጥ የተለመደችው ቮልስዋገን ቢትል ናት። ሞተሯ ከኋላ የተገጠመና በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ራዲያተር አያስፈልጋትም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህችው አነስተኛ መኪና ነው። የቤተ መንግሥቱ ሌሎች የጥንት መኪናዎች በአሁኑ ወቅት በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ለጎብኚዎች ይታያሉ። የቢትል ባለቤቶች በልዩ ልዩ አገሮች ሰኔ 15 ቀንን በሰልፍ ያከብራሉ።

በምዕራብ ጎንደር ቆላማ አካባቢ ግን የሰልፉ መሪነት የሚገባው ለጭነት መኪና ነው። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረው የፊያት 682 ዝርያ የሆነው «ኤንትሬ» ሰሊጥና ጥጥ ከሚመረትባቸው እንደ መተማ ካሉ ስፍራዎች ወደ መሃል አገር ሲመላለስ የኖረ ባለውለታ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ፣ አሮጌውን ጠግኖ ማቆየት ከባለቤቱ ፍላጎት ያለፈ ጉዳይ ሆኗል።

ከጉዞው በፊት

የተሽከርካሪው ዕድሜ ባለንብረቱን ከመደበኛ ግዴታዎች ነፃ አያደርገውም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ምዝገባና ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ (ቦሎ)፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን መሟላት አለባቸው። አብዛኛውን ጊዜ ችግር የሚፈጠረው በሞተር ቁጥር ላይ ነው፤ አሮጌ መኪናዎች ሞተራቸው በተደጋጋሚ የሚቀየር በመሆኑ በሊብሬው ከሰፈረው ጋር ላይመሳሰል ይችላል። ባለንብረቶች ለውጡን አስቀድመው ለመዝጋቢው አካል ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል።

ሰልፉ የትራፊክ ፍሰትን የሚያስተጓጉል ከሆነ ለከተማው አስተዳደርና ለትራፊክ ፖሊስ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ገንዳ ውሃን የሚያቋርጠው ዋና መንገድ ጎንደርን ከመተማ ዮሐንስ የሚያገናኝ የንግድና የአምቡላንስ መተላለፊያ ስለሆነ፣ አዘጋጆች አንዱን መስመር ክፍት ማድረግ ይኖርባቸዋል።

ራዲያተር ያላቸው መኪናዎች በዝግታ ሲጓዙ በቂ ነፋስ አያገኙም። በመጋቢትና በሚያዝያ የቆላ ሙቀት ውኃቸው ቶሎ ስለሚፈላ፣ በእነዚህ ወራት ሰልፉን ከረፋዱ በፊት ማጠናቀቅ ይመከራል።