የፍርሃት ልክ በወረቀት

አንድ ሰው ምን ያህል እንደሚፈራ በምን ይታወቃል? ሐኪም ትኩሳትን በቴርሞሜትር ይለካል፤ ለፍርሃት ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ ስላልተገኘ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ የተጠቀሙበት ዘዴ ሰውየውን ራሱን መጠየቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥያቄው ወረቀት ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፥ እርሱም ራሱ እንዴት እንደ ተመረመረ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1897 ዓ.ም. አሜሪካዊው የሥነ ልቡና መምህር ስታንሊ ሆል ከ1,701 ሰዎች በመጠይቅ የሰበሰበውን የፍርሃት ጥናት አሳተመ። ነጎድጓድ፥ እባብ፥ ጨለማ፥ እሳትና ሞት ከተጠቀሱት መካከል ነበሩ። ይሁን እንጂ ጥናቱ ሰዎች ምን እንደሚፈሩ ቈጠረ እንጂ የአንዱን ሰው ሕመም ክብደት የሚመዝን አልነበረም።

የመመርመሪያው መሠረት የመጣው ከሌላ በኩል ነው። በ1904 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን የመለካት ስሕተት በሁለት ልኮች መካከል ያለውን ዝምድና እንዴት እንደሚያሳንሰው በሒሳብ አሳየ። ከጊዜ በኋላም ሁለት ጥያቄዎች ተለይተው ታወቁ። አንደኛው አስተማማኝነት ነው፤ ይኸውም ያው ሰው ሳይለወጥ ዳግመኛ ቢጠየቅ መልሱ ይጸናል ወይ? የሚል ነው። ሁለተኛው ትክክለኛነት ነው፤ ይኸውም ወረቀቱ የሚለካው በእርግጥ ፍርሃትን ነው ወይ? የሚል ነው። ሁልጊዜ ሩብ ኪሎ የሚያጐድል ሚዛን ልኩ አይለዋወጥም፤ ነገር ግን እውነቱን አይናገርም።

ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ከወረቀት ውጭ ያለ ምስክር ያስፈልጋል። በ1963 ዓ.ም. ፒተር ላንግና ዴቪድ ላዞቪክ እባብ የሚፈሩ 24 ተማሪዎችን ሲያጠኑ፥ ጥያቄ በመጠየቅ ብቻ ሳይወሰኑ መርዝ የሌለው እባብ ወዳለበት ክፍል አስገብተው ቀርበው እንዲነኩትና እንዲይዙት ጋበዟቸው። ላንግ በ1968 ዓ.ም. እንዳስረዳውም ፍርሃት በቃል፥ በአድራጎትና በሰውነት ለውጥ ይገለጣል፤ ሦስቱ ግን ሁልጊዜ አይስማሙም። አልፈራም የሚል ሰው ልቡ ሲመታ ይገኛል፤ እፈራለሁ የሚለውም እባቡን ሊይዝ ይችላል።

በ1979 ዓ.ም. አይዛክ ማርክስና አንድሩ ማቲውስ ያወጡት አጭር መጠይቅ ይህን ትምህርት የተከተለ ይመስላል። ዋና ዋናዎቹ 15 ጥያቄዎች በሦስት ክፍል ተመድበው፥ ሕመምተኛው እያንዳንዱን ነገር ምን ያህል እንደሚሸሽ ከ0 እስከ 8 ባለው ቍጥር እንዲያመለክት ያደርጋሉ። አዘጋጆቹ በሽተኞች በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲሞሉት መልሱ መጽናቱን፥ ከሕክምና በኋላም ቍጥሩ መለወጡን መርምረዋል።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ባለሥልጣንን ማነጋገርን ትሸሻለህ ወይ? የሚል ነው። ይህ ወደ አማርኛ ቢተረጐም በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት የተማረ ጤነኛ ሰው ከፍተኛ ቍጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ከሳምንት በኋላም ቢጠየቅ ያንኑ ይደግማል። አስተማማኝነቱ ሙሉ ነው፤ የተለካው ግን አክብሮት እንጂ ሕመም አይደለም። በእንዲህ ያለ ቍጥር ጤነኛው በሽተኛ ሊባል፥ በሽተኛውም ያለ እርዳታ ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ መጠይቅን ከውጭ የሚያመጣ ተመራማሪ ቃሉን መተርጐሙ ብቻ አይበቃውም፤ በአገሩ ሰዎች አድራጎትና አነጋገር ፊት እንደገና ሊፈትነው ይገባል።