የእንግሊዝኛ የፍልስፍና ቃላት ታሪክና ለትምህርት ሥራ ያለው ጥቅም

መግቢያ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገራችን መምህሩን ዘወትር የሚገጥመው አንድ ችግር አለ። ይኸውም ተማሪው «ሎጂክ»፣ «ኮንክሉዥን»፣ «አብስትራክት» የሚሉትን ቃላት በቃሉ ይይዛል፤ በፈተናም ላይ ይጽፋቸዋል፤ ፍቻቸውን በራሱ አነጋገር እንዲያስረዳ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ይህ ከተማሪው ስንፍና ወይም ከቋንቋው ባዕድነት ብቻ የመጣ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ እነዚሁ ቃላት በአንድ ወቅት ለእንግሊዞችም ባዕድ ነበሩ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ በአጭሩ መግለጽና ለክፍል ሥራ የሚጠቅመውን ነጥብ ማውጣት ነው።

ሁለቱ መንገዶች

እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ በእንግሊዝ አገር ፍልስፍና የሚጠናው በላቲን ነበር። በ1551 እ.ኤ.አ. ቶማስ ዊልሰን በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ የሆነውን የሎጂክ መጽሐፍ አሳተመ። የላቲኑን ቃላት በአብዛኛው እንዳሉ ወስዶ ትርጉማቸውን በተራ እንግሊዝኛ አብራራ። ይኸው ሰው በ1553 ባወጣው ሌላ መጽሐፉ ምሁር ለመምሰል ንግግራቸውን በላቲን ቃላት የሚያጭቁትን ነቅፏል። ስለሆነም የተቃወመው መዋስን ሳይሆን ለታይታ መዋስን ነበር።

ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1573፣ ራልፍ ሌቨር ሌላ መንገድ መረጠ። ሕዝቡ ከሚያውቃቸው አጫጭር ቃላት ጥምር ቃላትን ሠራ። ሎጂክን የአእምሮ ሙያ ለማለት «ዊትክራፍት»፣ ኮንክሉዥንን የመጨረሻ አባባል ለማለት «ኤንድሴይ» አለው። የአረፍተ ነገርን ባለቤት «ፎርሴት»፣ ስለ እርሱ የሚነገረውን ክፍል «ባክሴት» ብሎ ሰየመ።

የሌቨር ቃላት አልጸኑም። ምሁራኑ በላቲን መጻፍና ማስተማር ስላልተዉ የለመዱትን ስያሜ ይዘው ቀጠሉ። ሆኖም ቃላቱ አንድ ብልጫ ነበራቸው፤ ላቲን የማያውቅ አንባቢ ከቃሉ አሠራር ፍቺውን ሊገምት ይችል ነበር።

ችግሩም ከመዋሱ ጋር አብሮ ቆየ። ጆን ሎክ በ1690 በታተመው ስለ ሰው ማስተዋል በሚናገረው ድርሰቱ ሦስተኛውን መጽሐፍ በሙሉ ለቃላት ጉዳይ ሰጥቷል። ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሐሳቡን ሳይጨብጡ ቃሉን እንደሚለምዱና ብዙ ክርክርም ከዚህ እንደሚነሣ አስገንዝቧል።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

በአገራችንም ተመሳሳይ ልምድ አለ። «አንጋረ ፈላስፋ» በ16ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል። እንግሊዝኛ ከላቲን እንደወሰደ ሁሉ አማርኛም «ህላዌ»ን የመሳሰሉትን ቃላት ከግዕዝ ወስዷል።

እንግዲህ መምህሩ የዊልሰንን ስያሜ ሲይዝ የሌቨርን ሥራ በክፍል ውስጥ መሥራት ይገባዋል። ለምሳሌ «አብስትራክት» በላቲን መነሻው ስቦ ማውጣት ማለት ነው። ተማሪው ከሦስት ብርቱካን፣ ከሦስት ቀንና ከሦስት ሰው «ሦስትነትን» ብቻ ስቦ ቢያወጣ «ረቂቅ» የሚለው የአማርኛ ቃልም አብሮ ይበራለታል። የእንግሊዝኛው ስያሜ መጠናት ያለበት ከዚህ በኋላ ነው።

የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም በመማሪያ መጻሕፍት መጨረሻ በሚቀርበው የቃላት መፍቻ ውስጥ ከፍቺው ጋር የቃሉን አመጣጥ ቢያስገቡ፣ ፈተናውም ፍቺን ከማስደገም ይልቅ ቃሉን በምሳሌ ማሠራትን ቢጠይቅ፣ ሎክ ያመለከተው ጉድለት በመጠኑ ሊቃለል ይችላል።