ኮምፒውተር እምቢ ሲል፡ የሊኑክስ ማሻሻያ አጭር ታሪክ

ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ከአንድ መልእክት ጋር ይፋጠጣል፡፡ ኮምፒውተሩን ‹‹ራስህን አሻሽል›› ብሎ ያዘዋል፡፡ ኮምፒውተሩም ጥቂት መስመሮች ከደረደረ በኋላ ‹‹የተሰበሩ ፓኬጆች አሉ›› ብሎ ቀጥ ይላል፡፡ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናደርገው ይታወቃል፡፡ አንድም እንራገማለን፤ አንድም ኢንተርኔት ላይ ያገኘነውን ትእዛዝ ሁሉ ሳናነብ እንለጥፋለን፤ አንድም ሁሉንም ደምስሰን እንደ አዲስ እንጭናለን፡፡ እኔ ግን ያ እምቢታ ታሪክ አለው ባይ ነኝ፡፡ እያንዳንዱ የስህተት መልእክት የተጻፈው አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ ነገር ካጠፋ በኋላ ነው፡፡ ታሪኩን ያወቀ የጥገናውን ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው፡፡ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ከፓኬጅ በፊት

ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ያቀረበው የስርዓቱን እምብርት (ከርነሉን) ብቻ ነበር፡፡ ቀሪውን ከየቦታው አሰባስቦ መግጠም የተጠቃሚው ዕዳ ሆነ፡፡ በ1993 ፓትሪክ ቮልከርዲንግ ያወጣው ስላክዌር ፕሮግራሞቹን በአንድ ላይ አሰናድቶ በማቅረቡ ትልቅ እፎይታ ነበር፡፡ ይሁንና አንዱ ፕሮግራም ለመሥራት የትኛውን ሌላ ፕሮግራም እንደሚፈልግ አይቆጣጠርም ነበር፡፡ ችግሩም እዚህ ጋ ነው፡፡ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም፡፡ ምስል የሚያሳየው ፕሮግራም ምስሉን የሚፈታለት ላይብረሪ ይፈልጋል፤ ላይብረሪው ደግሞ ሌላ ላይብረሪ ይፈልጋል፡፡ ከሥር ያለው አንዱ ሲቀየር ከላይ ያለው ሁሉ ሊናጋ ይችላል፡፡

በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ20 ዓመቱ ኢያን መርዶክ ደቢያንን አወጀ፡፡ (ስሙን ያገኘው የፍቅረኛውን የደብራን እና የራሱን ስም በማጋጠም ነው፡፡) ከደቢያን ጋር ዲፒኬጂ የተባለው መሣሪያ መጣ፡፡ ኋላ ላይ ኢያን ጃክሰን በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፈው፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፡፡ እያንዳንዱ ፓኬጅ ማን እንደሆነ፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስፈልገው፣ ከማን ጋር እንደማይስማማ የሚናገር ወረቀት ይዞ ይመጣል፡፡ ሬድ ሃትም ብዙ ሳይቆይ አርፒኤም በተባለው መሣሪያው ተመሳሳይ መንገድ ያዘ፡፡

‹‹የጥገኝነት ገሃነም››

አንዱ ችግር ሲፈታ ሌላው ተወለደ፡፡ እነዚህ መሣሪያዎች ምን እንደጎደለ ይናገራሉ እንጂ የጎደለውን አያመጡም፡፡ ‹‹ሀ›› ለመጫን ‹‹ለ›› ያስፈልጋል፤ ‹‹ለ››ን ፈልጎ ያመጣ ሰው ‹‹ሐ›› እንደጎደለ ይነገረዋል፤ ‹‹ሐ›› ደግሞ ከነባሩ ‹‹መ›› ጋር አይስማማም፡፡ የዘመኑ ተጠቃሚዎች ይህንን አዙሪት ‹‹የጥገኝነት ገሃነም›› አሉት፡፡

ከገሃነሙ ያወጣቸው አፕት ነው፡፡ በመጋቢት 1999 ከወጣው ከደቢያን 2.1 ጋር የመጣው አፕት ዝርዝሩን ሁሉ አንብቦ፣ የሚያስፈልገውን አስልቶ፣ ከሰርቨር አውርዶ በቅደም ተከተል ይጭናል፡፡ በአርፒኤም ሰፈርም በዱክ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሴት ቪዳል ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው ያም ተመሳሳይ ሥራ ሠራ፡፡ በ2015 በፌዶራ 22 ላይ ቦታውን ለዲኤንኤፍ አስረክቧል፡፡

ስሌቱ ግን ከሚታየው በላይ ከባድ ነው፡፡ በ2006 አውሮፓውያን ተመራማሪዎች አንድ ፓኬጅ መጫን ይችል እንደሆነ መወሰን በሂሳብ እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት ጥያቄዎች ተርታ እንደሚመደብ አረጋገጡ፡፡ ለእነዚህ ጥያቄዎች በሁሉም ሁኔታ በፍጥነት የሚሠራ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም፡፡ ስለዚህ አፕት ለብዙ ዓመታት በግምታዊ ዘዴ ይሠራ ነበር፡፡ ‹‹መፍትሔ አጣሁ›› ሲል መፍትሔ የለም ማለት ላይሆን ይችል ነበር፡፡

እምቢታውን ማንበብ

ዜና ስንጽፍ ዋናውን ነገር መጀመሪያ እንድናስቀድም ተምረናል፡፡ የአፕት የመጨረሻ መስመር ግን ብዙ ጊዜ ‹‹ዲፒኬጂ ስህተት መለሰ›› ከማለት ያለፈ ፍሬ የለውም፡፡ ወደ ላይ ወጥቶ መጀመሪያ የተበላሸውን ነገር መፈለግ ነው፡፡ ያም ብዙውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው፡፡

የመጀመሪያው በመሃል መቋረጥ ነው፡፡ ዲፒኬጂ ሥራውን በሁለት ደረጃ ይሠራል፤ መጀመሪያ ፓኬጁን ይፈታል፣ ከዚያ ያዋቅረዋል፡፡ የደረሰበትንም መዝገብ ላይ ይጽፋል፡፡ እንደኛ መብራት ሳያስጠነቅቅ በሚሄድበት አገር ይህ መዝገብ ትልቅ ውለታ ነው፡፡ መብራት ሲመለስ መልእክቱ ራሱ ጅምሩን የሚያስጨርሰውን ትእዛዝ ይነግራችኋል፡፡ እሱን መስጠት በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፡፡

ሁለተኛው ቁልፍ ነው፡፡ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ መዝገቡ ላይ ቢጽፉ መዝገቡ ስለሚበላሽ አንዱ ሲሠራ ሌላው በር ላይ ይቆማል፡፡ ብዙ ጊዜ ውስጥ ያለው ራሱ ስርዓቱ የጀመረው ማሻሻያ ነው፡፡ መድኃኒቱ መታገሥ ነው፡፡ የቁልፉን ፋይል መሰረዝ በሥራ ላይ ያለን ሰው እጅ እንደመምታት ነው፡፡

ሦስተኛው ፊርማ ነው፡፡ በኅዳር 2003 ሰርጎ ገቦች የደቢያንን ሰርቨሮች ሰብረው ገቡ፡፡ የፓኬጆቹ ማኅደር አልተነካም፤ ቢነካስ ኖሮ ተጠቃሚው በምን ያውቅ ነበር? በሚያዝያ 2007 የወጣው ደቢያን 4.0 ፊርማ የሚያረጋግጥ አፕት ይዞ መጣ፡፡ ስለዚህ ‹‹ፊርማው አልተረጋገጠም›› የሚል መልእክት ስታዩ ማረጋገጫውን ከማጥፋታችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን ተመልከቱ፡፡ ባትሪው የሞተ አሮጌ ኮምፒውተር ራሱን ካለፈ ዘመን ላይ ሊያገኘው ይችላል፡፡ ያኔ የዛሬው ዝርዝር ለእሱ ገና ያልደረሰ ነገ ይሆንበታል፡፡

አራተኛው ከውጭ የመጣ ምንጭ ነው፡፡ ከሌላ እትም ወይም ከሌላ አዘጋጅ የተጨመረ የፓኬጅ ምንጭ ከነባሮቹ ጋር ይጋጫል፡፡ እሱን ለጊዜው ዘግቶ፣ ዝርዝሩን አድሶ፣ የተሰበረውን ጠግን ብሎ ማዘዝ ነው፡፡

‹‹አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ!››

ከሁሉም የሚያስተምረው ግን የኅዳር 2021ዱ ጉዳይ ነው፡፡ ታዋቂው ካናዳዊ የቪዲዮ አዘጋጅ ሊኑስ ሰባስቲያን ፖፕ ኦኤስ በተባለው ሊኑክስ ላይ ስቲም የተባለውን የጨዋታ ፕሮግራም ሊጭን ሞከረ፡፡ በአዘጋጆቹ በኩል የተፈጠረ የፓኬጅ አለመጣጣም ስለነበረ አፕት ያገኘው ‹‹መፍትሔ›› ዴስክቶፑን ማጥፋት ነበር፡፡ አፕት የሚጠፉትን ዘረዘረ፤ አደገኛ መሆኑን አስጠነቀቀ፤ ከገፋበትም ‹‹አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ!›› የሚል ዓረፍተ ነገር በሙሉ እንዲጽፍ ጠየቀው፡፡ ጻፈው፡፡ ዴስክቶፑ ጠፋ፡፡

ጥፋቱ የማን ነው? ክርክሩ ተጧጧፈ፡፡ አንዳንዱ ‹‹ማስጠንቀቂያ ያላነበበ ራሱን ይውቀስ›› አለ፡፡ ሌላው ‹‹ተራ ፕሮግራም ሊጭን የመጣን ሰው እዚህ ገደል አፍ ላይ ማን አደረሰው?›› ሲል መለሰ፡፡ ለእኔ ሁለቱም እውነት አላቸው፡፡ የአፕት ሠሪዎች ግን ከመፍረድ ይልቅ መሣሪያውን አስተካከሉት፡፡ ወዲያው ባወጡት እትም ያንን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ብቻውን በሩን መክፈቱ ቀረ፡፡ በድሮዎቹ ጥፋቶች ላይ የታከለ አዲስ አጥር መሆኑ ነው፡፡

ኢያን መርዶክ በታኅሣሥ 2015 በ42 ዓመቱ አረፈ፡፡ በሰኔ 2023 የወጣው ደቢያን 12 ከ64,000 በላይ ፓኬጆች አሉት፤ የሚንከባከቧቸውም በአብዛኛው በዓለም ዙሪያ የተበተኑ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፡፡ የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ቃል በየቀኑ መገጣጠሙ እንጂ አንዳንዴ አለመገጣጠሙ አያስገርምም፡፡ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ኮምፒውተራችሁ እምቢ ሲል፣ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ሌላ ቅጂ ሳይኖረው እዚያው ላይ ካለ፣ ‹‹አዎ›› ከማለታችሁ በፊት ‹‹የሚከተሉት ይወገዳሉ›› ከሚለው ሥር ያለውን ዝርዝር አንብቡ፡፡