የምሕዋር ስፍራ፦ ከቆቦ ጣሪያ ሲታይ

ሪሲቨሩ ውስጥ ከእያንዳንዱ ሳተላይት ስም አጠገብ ቁጥርና የአቅጣጫ ምልክት አለ፦ 57 ምሥራቅ፣ 26 ምሥራቅ፣ 7 ምዕራብ። ብዙዎቻችን ስሙን አንብበን ቁጥሩን እንዘለዋለን። ዲሹ ወዴት እንደሚዞር የሚነግረን ግን ቁጥሩ ነው። ባለሙያዎች «ኦርቢታል ፖዚሽን» ይሉታል፤ እኔ «የምሕዋር ስፍራ» እንበለው እላለሁ።

«ምሕዋር» አዲስ ቃል አይደለም። «ሖረ»፣ ማለትም ሄደ፣ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን መሄጃ ማለት ነው። «ስፍራ»ን የመረጥኩት «ሰፈረ» ሁለት ነገር ስለሚናገር ነው። ሰው አገር ላይ ሲሰፍር ተቀመጠ ማለታችን ነው፤ ራያ ላይ ማሽላ ሲሰፈር ደግሞ ተለካ ማለታችን ነው። ሁለቱም ለሳተላይቱ ይስማማሉ። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ምድር በራሷ ዛቢያ አንዴ እስክትዞር እሱም አንድ ዙር ስለሚጨርስ፣ ከእኛ ሲታይ አንድ ቦታ የሰፈረ ይመስላል። ቦታውም ከግሪንዊች ጀምሮ በዲግሪ የተሰፈረ ነው።

ቆቦ ያለችው 39.6 ምሥራቅ ግድም ነው። ስለዚህ 57 ምሥራቅን የሚፈልግ ዲሽ በዞብል ተራሮች በኩል፣ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ 65 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ያያል። 7 ምዕራብ ላይ ያለው ናይልሳት ግን ወደ ላሊበላ በሚወስደው አቅጣጫ፣ 35 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ዝቅ ስለሚል የጎረቤት ዛፍ ወይም ግንብ ይጋርደዋል። በሁለቱ መካከል 64 ዲግሪ ስላለ አንድ የቆመ ዲሽ ሁለቱንም አይዝም፤ ሁለት ዲሽ ተክሎ በስዊች ወደ አንድ ሪሲቨር ማገናኘት ነው።

ስምማ ያሳስታል። በ2012 ዓ.ም. የመጣው ኢትዮሳት የሳተላይት ስም የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ኢትዮሳት የጣቢያዎቻችን የጋራ ማሰራጫ ነው፤ የተሳፈረበት ሳተላይት ኤንኤስኤስ-12 ሲሆን የምሕዋር ስፍራው 57 ምሥራቅ ነው። በሪሲቨሩ ዝርዝር ውስጥ «ኢትዮሳት» የሚል አጥተው የተቸገሩ ሰዎች ቁጥሩን ቢፈልጉ ኖሮ ወዲያው ባገኙት ነበር። ሳተላይትም ይለወጣል። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ናይልሳት 301 ሲመጥቅ የሄደው ወደዚያው ወደ 7 ምዕራብ ነው፤ ለእሱ ተብሎ የዞረ ዲሽ የለም። ይህን ቃል ሁሉም ቤት እንዲያውቀው የምመኘው ለዚህ ነው፤ ነፋስ ዲሹን በነቀነቀው ቁጥር ባለሙያ ከመጠበቅ፣ የት እንደሚፈለግ ማወቅ ይቀላል።

ሪሲቨሩ ላይ ቁጥሩን መለወጥ ብቻውን ዲሹን አያዞርም፤ ሞተር ካለው ግን ያዞረዋል። ያን ጊዜ ሪሲቨሩ የራሳችሁንም ስፍራ ይጠይቃል። ቆቦ ላይ 39.6 ምሥራቅ፣ 12.1 ሰሜን ብላችሁ ሙሉ። ምልክቱን ደግማችሁ እዩ፤ 7 ምዕራብ በስሕተት 7 ምሥራቅ ከተባለ፣ ሞተሩ ከናይልሳት 14 ዲግሪ ርቆ፣ ሌላ ሳተላይት ላይ ይቆማል።