ዘጠና ቀን የምትቀመጠው ካርድ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የባሕር ምግብ በሚሸጥ ሬስቶራንት ኩሽና ውስጥ የሠራ ሐበሻ ይህችን ካርድ ያውቃታል። ኦይስተር በጆንያ ሲመጣ ታስራበት ትመጣለች። ማን እንደለቀመው፣ ከየትኛው ውኃ እንደወጣ፣ በየትኛው ቀን እንደወጣ፣ የላኪው የፈቃድ ቁጥር ስንት እንደሆነ ተጽፎባታል። ጆንያው ባዶ እስኪሆን ድረስ ካርዷ አትፈታም። ከዚያ በኋላም የመጨረሻው ፍሬ የተሸጠበት ቀን ይጻፍባትና 90 ቀን ሙሉ ትቀመጣለች። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ሳያውቅ ቆሻሻ ውስጥ ከጣላት ከሼፉ የሚወርድበት ቁጣ ቀላል አይደለም።

ልጁ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ለአንድ ጆንያ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ከካርዷ ጀርባ ግን የመቶ ዓመት ታሪክ አለ፤ የሞቱ ሰዎች፣ ገበያ የጠፋባቸው ነጋዴዎች፣ «ይህ የኔ ሥልጣን ነው»፣ «የለም የኔ ነው» የሚባባሉ መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ታሪክ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከእንስሳው መጀመር ይሻላል። ኦይስተር በዛጎል ውስጥ የሚኖር፣ አንድ ቦታ ተጣብቆ የሚያድግ የባሕር ፍጥረት ነው። በኦርቶዶክስ ልማድ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ ስለማይበላ ሀገር ቤት ብዙ ሰው በስሙም አያውቀውም። የሚመገበው ውኃ እያጣራ ነው። አንድ ያደገ ኦይስተር በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ሊያጣራ እንደሚችል ይነገራል። ውኃው ውስጥ የሰው ዓይነ ምድር ካለ ጀርሙ እዚያው ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል። እንስሳው ራሱ አይታመምም፤ ሽታውም ጣዕሙም አይለወጥም። ሰው ደግሞ ሎሚ ጠብ አድርጎበት፣ ከነሆድ ዕቃው፣ በጥሬው ይውጠዋል።

ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥ ሕዝብ እዚህ ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም። ልዩነቱ ግን አለ። በሬን ገበያ ላይ ዓይቶ፣ ዳስሶ መምረጥ ይቻላል። የኦይስተርን ጤንነት የሚያውቀው ግን ያደገበትን ውኃ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በላተኛው ደግሞ ከዚያ ውኃ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊቀመጥ ይችላል። ጠቡ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በ1894 መጸው ኮነቲከት ውስጥ የዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በግብዣ ላይ ጥሬ ኦይስተር በሉ። ከሳምንታት በኋላ ከ20 በላይ ሰዎች በታይፎይድ ተኙ፤ 4ቱ ሞቱ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት መምህር ፕሮፌሰር ኸርበርት ኮን ዱካውን ወደ ኋላ ተከተሉት። ኦይስተሮቹ ከመሸጣቸው በፊት ጨዉ ወደ ቀነሰበት የወንዝ አፍ ተወስደው «እንዲደልቡ» ተደርገው ነበር። ከዚያው አጠገብ ደግሞ የታይፎይድ በሽተኞች የተኙበት ቤት ፍሳሹን ወደ ወንዙ ይለቅ ነበር። ማደለብ ይባል እንጂ ነገሩ ወተት ላይ ውኃ እንደመጨመር ያለ ነው፤ ኦይስተር ጨው በሌለው ውኃ ሲቀመጥ ያብጣል፣ ነጣ ወፈር ብሎ ዋጋ ያወጣል።

የኮን ጥናት በሙያው ሰዎች ዘንድ ታወቀ። ገበያው ግን እንደቀድሞው ቀጠለ።

ሠላሳ ዓመት አለፈና በ1924 መገባደጃ ቺካጎ፣ ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ውስጥ ታይፎይድ ተነሳ። ታይፎይድ በዚያን ዘመን የበጋ በሽታ ነበር፤ በክረምት ብርድ መነሳቱ ሐኪሞችን አስደነገጠ። በሽተኞቹ የሚያመሳስላቸው ነገር ሲፈለግ ጥሬ ኦይስተር መብላታቸው ሆኖ ተገኘ። ዱካው ሎንግ አይላንድ ላይ ወዳለችው ወደ ዌስት ሴይቪል ወሰደ። እዚያም ያው የማደለብ ሥራ ነበር። ወረርሽኙ ሲያበቃ ከ1,500 በላይ ሰዎች ታመው፣ 150 ያህሉ ሞተው ነበር።

አሁን ተጠያቂው ማነው? ሟቹ ቺካጎ ነው፣ ውኃው ኒው ዮርክ ነው። የቺካጎ የጤና ሹም ኦይስተር በከተማው እንዳይሸጥ ማድረግ ይችል ይሆናል እንጂ ሎንግ አይላንድ ሄዶ የማንንም የፍሳሽ ቱቦ መዝጋት አይችልም። የፌዴራሉ መንግሥትስ? የሱ ሥልጣን ከግዛት ግዛት የሚሻገረውን ንግድ መቆጣጠር ነው። በ1906ቱ የምግብና መድኃኒት ሕግ መሠረት የተበከለ ምግብ ድንበር ሲሻገር መያዝ ይችላል። ግን ታይፎይድ ራሱን ለመግለጥ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። በሽተኛው ሲተኛ የበላው ኦይስተር ዛጎሉ እንኳ የለም። ምኑ ይያዝ?

የውኃው ባለቤትነትም አስቀድሞ በፍርድ ቤት ተወስኗል። የሜሪላንድ ሰው የሆነ ማክሬዲ የተባለ ግለሰብ ቨርጂኒያ ወንዝ ውስጥ ኦይስተር ተክሎ 500 ዶላር ተቀጣ። «አሜሪካዊ አይደለሁም ወይ?» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ባሕር የሚመላለስበት የውኃ ወለልና በውስጡ ያለው ሀብት የግዛቱ ሕዝብ ንብረት ነው፣ ቨርጂኒያ የውጭውን ሰው መከልከል ትችላለች ብሎ ፈረደበት። ሜሪላንድም ብትሆን ከ1868 ጀምሮ ኦይስተር የሚጠብቅ፣ ጀልባና ጠመንጃ ያለው የራሷ ፖሊስ ነበራት። የፌዴራልና የክልል ሥልጣን ክርክር ያሰለቸው ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አያስገርምም።

እንግዲህ ሕጉ እጅ ቢያጥረው ያንቀሳቀሰው ኪስ ነው። ወሬው እንደተሰማ ሰው ኦይስተር መብላት ተወ። ውኃው ንጹሕ የሆነውም ነጋዴ ከዌስት ሴይቪሉ ጋር አብሮ ወደቀ፤ ገዢው በምን ይለየው? ስለዚህ «መንግሥት ይቆጣጠረን» ብለው ከጤና ባለሥልጣናቱ ጋር አብረው የጠየቁት ነጋዴዎቹ ራሳቸው ናቸው። ነጋዴ በገዛ ፈቃዱ ተቆጣጣሪ የሚጠራበት ቀን ብዙ አይደለም።

የሀገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ኃላፊ የነበሩት ሂው ከሚንግ የካቲት 19 ቀን 1925 ዋሽንግተን ላይ ስብሰባ ጠሩ። የግዛት ጤና ሹማምንት፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና ነጋዴዎች በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ። የተስማሙበት ነገር አዲስ ሕግ አልነበረም፤ አዲስ የፌዴራል ፖሊስም አልነበረም። ግዛቱ የራሱን ውኃ ይመርምር፣ ንጹሕ ያልሆነውን ይዝጋ፣ ለላኪዎቹ ቁጥር ያለው ፈቃድ ይስጥ። የፌዴራሉ የጤና አገልግሎት ደግሞ የግዛቱን ሥራ ይመርምርና ካመነበት የላኪዎቹን ስም ዝርዝር ለሁሉም ግዛቶች ይላክ። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ላኪ ዕቃ ቺካጎ ሲደርስ ቺካጎ «አልቀበልም» ትላለች። ነጋዴው ድርሻው ጆንያው ላይ ካርድ ማሰር ነው።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ዋሽንግተን ማንንም አታዝም፤ ዝርዝር ብቻ ትይዛለች። ከዝርዝሩ የወጣ ግዛት ግን ገበያ የለውም። ፕሮግራሙ ብሔራዊ የዛጎል ለበስ ምግቦች ንጽሕና ፕሮግራም ተባለ፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ ይኸው ነው። አንድ መቶ ዓመት በስምምነት ብቻ የቆመ ሥርዓት ማግኘት ቀላል አይደለም።

ዛሬ አንድ ኦይስተር ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ወጥቶ ሳህን ላይ እስኪደርስ በስንት መሥሪያ ቤት እጅ ያልፋል? ሜሪላንድን ብቻ ብንወስድ፣ ውኃውን መርምሮ «ይለቀም» ወይም «አይለቀም» የሚለው የግዛቱ የአካባቢ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። በተዘጋ ውኃ በሌሊት የሚለቅመውን የሚያሳድደው የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ፖሊስ ነው፤ የዚያ የ1868ቱ ኃይል ልጅ መሆኑ ነው። ኦይስተሩ የሚታሸግበትን ቤት የሚፈትሸው የጤና መሥሪያ ቤቱ ነው። ሬስቶራንቱ ውስጥ ገብቶ «ካርዶቹን አሳዩኝ» የሚለው ደግሞ የካውንቲው የጤና ተቆጣጣሪ ነው። ከነሱ በላይ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ኤፍዲኤ ግዛቶቹን ይፈትሻል፣ ዝርዝሩን ያወጣል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ወደ ውኃ የሚለቀቀውን ፍሳሽ ይመለከታል። ሰው ሲታመም ወሬውን ከየግዛቱ ሰብስቦ የሚያገናኘው ሲዲሲ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ላይ የሚገናኘው በዚያች ካርድ ነው። ካርዷ ከጠፋች ሁሉም «ከእኔ ውኃ አይደለም» ሊል ይችላል።

90 ቀኑም ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። በ1961 በኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ መካከል ባለው ራሪታን ቤይ የተለቀመ ክላም፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ደግሞ ፓስካጉላ ላይ የተለቀመ ኦይስተር ሰዎችን በሄፓታይተስ ኤ አስያዘ። ይህ የጉበት በሽታ ከተበላ በኋላ እስከ 50 ቀን ድረስ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። በሽተኛው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ፣ የበላበት ሬስቶራንት ካርዷን ይዞ መገኘት አለበት።

በ1968 የፌዴራሉ ድርሻ ከጤና አገልግሎቱ ወደ ኤፍዲኤ ተዛወረ። ኤፍዲኤ ደግሞ ሕግ የሚያስከብር መሥሪያ ቤት ነውና ስምምነት የሚባለው ነገር አልጣመውም። በ1975 ፕሮግራሙን ወደ አስገዳጅ የፌዴራል ደንብ ለመለወጥ ረቂቅ አወጣ። ግዛቶቹና ነጋዴዎቹ ተነሱበት፤ ምክር ቤቱም በሚቀጥለው ዓመት «መጀመሪያ የኢኮኖሚ ጉዳቱ ይጠና» ብሎ አስቆመው። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። በ1982 የ22 ግዛቶች ተወካዮች አናፖሊስ ላይ ተሰብስበው የራሳቸውን ጉባኤ አቋቋሙ። ደንቡን የሚያወጣው ጉባኤው ሆነ፤ ድምፅ የሚሰጡት ግዛቶቹ ናቸው። ኤፍዲኤ በ1984 የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ ገባበት።

ይህ አሠራር የሰው ፍሳሽ ለሚያመጣው በሽታ በጣም ጥሩ ነበር። ውኃው ይመረመራል፣ ቆሻሻ ከተገኘ ይዘጋል፣ ሁሉም ይጠቀማል። ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሲመጣ ግን ስንጥቁ ታየ።

ቪብሪዮ ከፍሳሽ አይመጣም። በሞቃት የባሕር ውኃ ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖር ነው፤ በተለይ በበጋ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ይሞላዋል። ውኃው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን እሱ አለ። ጤናማውን ሰው ብዙ አይጎዳም። ጉበቱ የታመመ ሰው ደም ውስጥ ከገባ ግን ከሁለቱ አንዱን ያህል ይገድላል። መፍትሔውም ይታወቃል፤ ኦይስተሩን ለብ ባለ ሙቀት፣ በማቀዝቀዝ ወይም በከፍተኛ ግፊት አክሞ መሸጥ። ወጪ አለው፤ ሻጮቹ እንደሚሉትም ጣዕሙን ይለውጣል።

ካሊፎርኒያ ኦይስተሩን የምትበላ እንጂ የባሕረ ሰላጤው ለቃሚ አይደለችም። የራሷ ሰዎች ሲሞቱባት በ2003 ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣ ያልታከመ ጥሬ ኦይስተር እንዳይገባ ከለከለች። ሞቱ ወዲያው ወደ ዜሮ ወረደ። የግዛቶቹ ጉባኤ በዚያው ጊዜ በ2008 በሽታውን በ60 በመቶ እንቀንሳለን ብሎ ዕቅድ ይዞ ነበር። አልደረሰም። በጉባኤው ውስጥ ሉዊዚያናና ቴክሳስ ድምፅ አላቸው፤ ኦይስተሩም ሥራውም የነሱ ነው።

ኤፍዲኤ በጥቅምት 2009 በዓመት ወደ 15 ሰው የሚሞትበትን ይህን ጉዳይ ከእንግዲህ አንታገሥም፣ ከ2011 በጋ ጀምሮ በሞቃት ወራት ያልታከመ የባሕረ ሰላጤ ኦይስተር በጥሬው አይሸጥም ብሎ አስታወቀ። የባሕረ ሰላጤው ግዛቶች ሴናተሮችና ነጋዴዎች ጮኹ። አንድ ወር ሳይሞላ መሥሪያ ቤቱ ነገሩን አዘገየው፤ ከዚያም ዝም አለ። በ2011 የምክር ቤቱ የሒሳብና አሠራር መርማሪ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤና ጉባኤው የያዙት መንገድ ውጤት እንዳላመጣ፣ አካሄዱም እንደገና መታየት እንዳለበት ጽፎ አቀረበ።

በ1925 ነጋዴውም ሹሙም አብረው የወደቁት ገበያው የሁሉም ስለነበር ነው። በቪብሪዮ ግን ገበያው አልወደቀም። 15 ሰው፣ ያውም ቀድሞ የታመመ፣ ተበታትኖ ሲሞት ኦይስተር የሚበላው ሕዝብ አይሰማም። ሻጩም አይከስርም። ሎስ አንጀለስ ለሞተው ሰው ሉዊዚያና ውስጥ ድምፅ የሚሰጥለት የለም።

የተገኘው መግባቢያ ማስጠንቀቂያ ነው። ዛሬ ካርዷ ላይ ከለቃሚው ስምና ከውኃው ስም በታች፣ ጥሬ ኦይስተር በተለይ የጉበት፣ የሆድ ወይም የደም ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ መሆኑን ለደንበኛ እንዲነገር የሚያሳስብ ጽሑፍ ይነበባል። ብዙ ሬስቶራንት ሜኑው ግርጌ ላይ በትናንሽ ፊደል ያትመዋል። አስተናጋጁ ሳህኑን ያስቀምጣል፣ ሎሚውን ያቀርባል። ካርዷ ኩሽና ውስጥ ናት፤ 90 ቀኗን ትቆጥራለች።